የፍራሽ ፋብሪካው የኋላ በር

ባለፈው ወር እዚህ ካምፓላ፣ ሙንዮንዮ በሚባል ሰፈር ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል፣ የወዳጄ ልጅ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ምሳ ቀርቦ እጄን ልታጠብ ስወጣ መተላለፊያው ጫፍ ላይ አንድ በር አየሁ። ከላዩ የሚሮጥ ሰው ሥዕል ያለበት አረንጓዴ ምልክት ተለጥፏል። ከታች ደግሞ ሁለቱ እጀታዎች በሰንሰለት ተጠላልፈው ተቆልፈዋል። አዳራሹ ውስጥ ሦስት መቶ ሰው ይበላል። አንዱን አስተናጋጅ ጠርቼ ቁልፉ የት እንዳለ ጠየቅኩት። ፈገግ ብሎ መጸዳጃ ቤቱ በወዲያ በኩል መሆኑን ነገረኝ። ሥራ አስኪያጁን አስጠራሁ። ሲመጣ ምን እንዳልኩት በደንብ አላስታውስም፤ ልጄ ኋላ እንደነገረችኝ ግን ድምፄ ሙሽሮቹ ጋ ደርሷል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሰንሰለቱ ወረደ። ወደ ወንበሬ ተመለስኩ፤ ሹካዬን ግን አላነሳሁም። ጥብሱ ፊቴ ቀዝቅዞ ሞራው ነጣ።

ሰው ሁሉ ዝምተኛ ይለኛል፤ ነኝም። የዚያን ቀን የወጣው ቁጣ ግን የሙንዮንዮው ሰንሰለት ብቻ ያመጣው አልነበረም። ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ነው።

ካምፓላ የገባሁት በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። የዝናብ ወቅት ነበር፤ ከአውቶቡሱ ስወርድ ቀዩ ጭቃ አንድ ጫማዬን ውጦ አስቀረው። የተቀበሉኝ የእናቴ ሰፈር ሰው፣ ጋሼ ሙላቱ ናቸው። የመጀመሪያውን ሳምንት ኮሎሎ ቤታቸው አሳደሩኝ፣ ቀጥለው ቡኮቶ አንዲት ክፍል ፈልገው አስገቡኝ፣ ከዚያ ሥራ ሰጡኝ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ውለታው ውለታ ስለሆነ ነው። ዛሬም ስለ እሳቸው ሳወራ አንቱ እላለሁ። ምን ብናደድ አፌ ሌላውን እሺ አይልም።

ሥራው የራሳቸው የስፖንጅ ፍራሽ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ፋብሪካ ይባል እንጂ በኢንዱስትሪው ሰፈር ያለ አንድ ረጅም የቆርቆሮ መጋዘን ነበር። ትልልቁ ስፖንጅ በጭነት መኪና ይመጣል፣ በመጠን ይቆረጣል፣ ቁርጥራጩ በማስቲሽ ይጣበቃል፣ ጨርቅ ይለብሳል። ሃያ ያህል የአገሩ ሴቶች ይሰፉና ያጣብቁ ነበር። እኛ ሐበሾቹ ስድስት ነበርን። እኔ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ሆንኩ። ጠዋት ከቡኮቶ በእግሬ ስመጣ አየሩ የእርጥብ ቅጠልና የከሰል ሽታ አለው፤ መጋዘኑ ውስጥ ስገባ ግን ከማስቲሽ በቀር የሚሸት ነገር የለም። ምሳ ፖሾና ባቄላ ነው። ፖሾው ነጭ፣ ደረቅ ያለ የበቆሎ ገንፎ ሲሆን ያን ማስቲሽ ማስቲሽ የሚል አፌን ይዤ ስንት ወር እንደበላሁት አላውቅም።

ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጥኩት። እንግሊዝኛ የተማርኩት ጣሳና ካርቶን ላይ የተጻፈውን ሁሉ በማንበብ ነው። የማስቲሹን በርሜል ማስጠንቀቂያ በቃሌ እወጣው ነበር። ጋሼ ሙላቱ ይህን ስለሚያውቁ፣ የኢንሹራንሱ ሰው መጥቶ ሠራተኞቹ የእሳት አደጋ ሥልጠና ካልወሰዱ ውሉን አላድስም ባለ ጊዜ ወደ እኔ ጠቆሙ። ሰውየው ከአንድ ወር በኋላ ተመልሶ በሮቹን እንደሚያይ፣ አሠልጣኙ የፈረመበት ሪፖርትም እንደሚወስድ ተናገረ። ጋሼ ሙላቱ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ አንድ ሁለት ነገር ብነግራቸውና ስማቸውን ባስፈርም እንደሚበቃ ነገሩኝ።

እኔ ደግሞ አንድ ሁለት ነገር የሚባል አልገባ አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እሳት አደጋ ጣቢያው መሄድ ጀመርኩ። አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ የሥልጠና መጽሐፉ ከግቢው እንደማይወጣ፣ ዛፉ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ በእጄ መገልበጥ ግን እንደምችል ነገረኝ። በሦስት ቅዳሜ ገልብጬ ጨረስኩት። ያልገባኝን እሱ በእጁ ያሳየኛል፦ ጭስ ሲሞላ በደረት መሳብ፣ የእሳት ማጥፊያውን እነበልባሉ ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ ማነጣጠር፣ ኤሌክትሪክ ላይ ውኃ አለመድፋት። የኛን ግቢ ማጥፊያዎች ፈተሽኩ። አምስት ናቸው። የሦስቱ የግፊት መለኪያ ቀስት ቀዩ ላይ ወድቋል፤ የአንዱ ቱቦ ውስጥ ተርብ የጭቃ ቤት ሠርቶበታል። ከዚያ በእግሬ ለካሁ። ከማስቲሽ ጠረጴዛው እስከ ፊት ለፊቱ በር አርባ አንድ እርምጃ ነው፣ ያውም በስፌት መኪናዎቹ መሃል እየተጠማዘዙ። እስከ ኋላው በር ዘጠኝ። የኋላው በር ግን እኔ ከመቀጠሬ በፊት ሁለት ጣቃ ጨርቅ ወጣበት ተብሎ በትልቅ ጓጉንቸር ተቆልፏል። ቁልፉ ጋሼ ሙላቱ ኪስ ውስጥ ነው።

ሥልጠናውን በምሳ ሰዓት አደረግኩት። እኔ በእንግሊዝኛ እናገራለሁ፣ ናካቶ ወደ ሉጋንዳ ትመልሳለች። ናካቶ የስፌቱ አለቃ ናት፤ አርባን ያለፈች፣ የክሩን ጫፍ በጥርሷ እየቆረጠች የምትቀልድ ሴት። የሴቶቹ ሳቅ አላስወራ ሲለኝ የዳቦ ያህል ስፖንጅ ቆርጬ ግቢው መሃል ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩና ክብሪት ጫርኩ። ሃያ ሳልቆጥር ስፖንጁ የለም። የቀረው ድንጋዩ ላይ እየነደደ የሚንጠባጠብ ጥቁር ሙጫና ጉሮሮ የሚያንቅ ጭስ ነው። አጥሩ ላይ ተሰልፈው የሚውሉት መላጣ ትልልቅ ወፎች ተነስተው ሄዱ። ናካቶ ድንጋዩን አየች፣ ዞራ እስከ ጣሪያው የተከመረውን ስፖንጅ አየች፣ ከዚያ እኔን።

«ይሄን በዚያች ቀይ ጠርሙስ ነው የምናጠፋው?» አለችኝ።

«አይደለም። ለዚህ መሮጥ ነው።»

«እንዲህ በለኛ!» አለችና ለሌሎቹ ነገረቻቸው። ያን ቀን ሥልጠናው እስኪያልቅ ማንም አልሳቀም።

ልምምዱን ያደረግነው አንድ ዓርብ ቀትር ላይ ነው። ፊሽካ ስነፋ ሁሉም የያዘውን ጥሎ በፊት ለፊቱ በር ይወጣል፤ ይኸው ነው። ጋሼ ሙላቱ ሰዓታቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ፊሽካውን ነፋሁ። ሴቶቹ ጥሩ አድርገው ተነሱ፣ ጥሩ አድርገው ሮጡ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ጋሼ ሙላቱን አዩ። እንደ ወጋቸው ሴት ታላቅ ሰው ስታገኝ ሰላም የምትለው ተንበርክካ ነው። የመጀመሪያዋ ተንበረከከች፤ «ኦሲቢዬ ኦትያ፣ ሴቦ» አለች፣ እንዴት ዋሉ ጌታዬ ማለት ነው። ጋሼ ሙላቱም ደህና መዋላቸውን መለሱላት። ሁለተኛዋ ተንበረከከች። ሦስተኛዋ። ከኋላ ደግሞ የኛዎቹ ጋሽ ተፈራን ከበው ቆመዋል። ጋሽ ተፈራ ቆራጫችን ናቸው፣ ስድሳ የሞላቸው።

«ይለፉ ጋሽ ተፈራ።»

«ኧረ ተዉ፣ እናንተ ቅደሙ።»

«እርስዎን ጥለን? አይሆንም።»

«በሞቴ እለፍ አልኩህ!»

እሳቸውም አላለፉም፣ እነሱም አላለፉም። የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ስድስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሰው ሁሉ እየሳቀ፣ ጋሼ ሙላቱም ባገኙት ክብር ደስ ብሏቸው። በዚያ ግቢ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ጮህኩ። ሁላችሁም ሞታችኋል አልኳቸው፤ እዚህ ተንበርክካችሁ፣ እዚያ እየተግደረደራችሁ ሞታችኋል። ጋሽ ተፈራ አንገታቸውን ደፉ። አንዲት ወጣት ሴት አለቀሰች። እኔ ግን መቆም አልቻልኩም፤ መጽሐፉን እየጠቀስኩ፣ እርምጃውን እየቆጠርኩ ቀጠልኩ።

ስጨርስ ናካቶ ወደ ዕቃ ቤቱ ተከትላኝ መጣች። እንደኔ አልጮኸችም።

«መንበርከኩን እንተወዋለን። አንተም ትልቁን ሰውዬ ከበሩ ላይ አንሳው። ግን ሴቦ፣ እኛን በአንድ በር ሃያ ስድስት ሰው ሲጨናነቅ ዘገያችሁ ብለህ ሰደብከን። ሁለተኛውን በር የዘጋው ማነው? እሱንስ ሰደብከው?»

ንዴቴን የምችላቸው ላይ እንዳራገፍኩት ያኔ ገባኝ። በዚያው እግሬ ወደ ጋሼ ሙላቱ ቢሮ ወጣሁ። ፓፓያ እየቆረጡ ነበር፤ አንዱን ቁራጭ በቢላዋው ጫፍ ዘረጉልኝ።

«ጋሼ፣ የኋላው በር በሥራ ሰዓት መከፈት አለበት» አልኩ።

«በፍቄ፣ አንተ ጥሩ ልጅ ነህ። እሳት አይተህ ታውቃለህ? ቤት ሲቃጠል?»

«አላውቅም።»

«ሌባስ?»

መልስ ሳይጠብቁ ቁራጩን ይበልጥ አስጠጉልኝ።

«እኔ ሌባ አይቻለሁ። እሳት አላየሁም። የምቆልፈው ላየሁት ነው።»

«ታዲያ ሪፖርቱ ላይ ምን ልጻፍ?»

«ሁለቱም በሮች ይከፈታሉ ብለህ ጻፍ። ውሸት ነው? ቁልፍ ያለው በር ይከፈታል።» ሳቁ። «ብላ እንጂ።»

ፓፓያውን በላሁ። ዛሬም የሚያንገበግበኝ አንዱ ይኸው ነው። ቆሜ፣ አመስግኜ በላሁት።

የኢንሹራንሱ ሰው የመጣው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጋሼ ሙላቱ ቀድመው በእጃቸው ጓጉንቸሩን ከፈቱና በሩን ወዲያ ገፉት። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በማስቲሽ ጠረጴዛው በኩል ነፋስ ገባ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም አመንኩ። የልምምዱ ቀን ጩኸቴ ወይም ፓፓያው ላይ የተባለው ነገር ልባቸው ገብቶ ይሆናል አልኩ። ወደ ጠረጴዛው ሄጄ በናካቶ አስተርጓሚነት፣ ከዛሬ ጀምሮ ፊሽካ ሲነፋ የእናንተ በር ይሄኛው ነው፣ ዘጠኝ እርምጃ ናት ብዬ አስረዳኋቸው። ናካቶ በቀልድ ዘጠኙን ቆጥራ ሄዳ ተመለሰች።

ሰውየው መጣ። ጠንቃቃ፣ ትንሽ ሰው ነው፤ ማጥፊያዎቹን አየ፣ የፊቱን በር አየ፣ በኋላው በር ወጥቶ ገባ፣ ጻፈ። ሁሉ ነገር ደስ አሰኘው። ጋሼ ሙላቱ ቢሮ ገብቶ ሶዳ እንዲጠጣ ጋበዙት። እኔም ሪፖርቱን ልፈርም ተከተልኩ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፦ ሁለት በሮች፣ በሥራ ሰዓት ሁልጊዜ ክፍት፤ ሥሩ ስሜ። ብዕሩን ሳነሳ በቢሮው መስኮት ወደ ታች አየሁ። ዘበኛው በሩን ስቦ ዘጋ፣ ጓጉንቸሩን አስገባ፣ ጎትቶ ሞከረው። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ መስኮታችን ሲያይ ጋሼ ሙላቱ በጭንቅላታቸው እሺ አሉት። ሰውየው ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ሶዳውን ይጠጣል። ሴቶቹም ስፌት መኪና ላይ፣ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሰዋል። ያየነው እኔ፣ ዘበኛውና እሳቸው ነን።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ጌታዬ፣ ዞር ይበሉ» ማለት። ሰውየው ሁለት እርምጃ ላይ ነበር፣ እንግሊዝኛውንም አላጣውም። አልወጣልኝም። ያሳደሩኝን፣ ያበሉኝን ሰው በባዕድ ፊት እንዴት አድርጌ ውሸታም ልበል? ይሉኝታ ይሉታል፤ እኔ በደጃፉ የሚግደረደሩትን የሰደብኩት ሰውዬ፣ በኔ ተራ አፌ ተያዘ። ብዕሩን አስቀመጥኩ። ማስታወሻ ደብተሬን ላምጣ ብዬ ወጣሁ። ደረጃውን ወረድኩ። መጋዘኑ መሃል ስደርስ ፊሽካውን አወጣሁና በኃይል ነፋሁ፤ «ኦሙሊሮ!» ብዬም ጮህኩ። እሳት ማለት ነው።

ጥሩ አስተምሬያቸው ነበር። ማንም ዕቃውን አልሰበሰበም፣ ማንም ማንንም ይለፉ አላለም፣ ጋሽ ተፈራ እንኳ ከሁሉ ቀድመው በፊት ለፊቱ በር ወጡ። የማስቲሽ ጠረጴዛው ሴቶችና በአጠገባቸው የሚሰፉት፣ አሥራ ሁለት ናቸው፣ ነግሬያቸው እንደነበረው ወደ ኋላው በር ሮጡ። ናካቶ ከፊት ነበረች። ሁለት እጇን ዘርግታ በሩን መታችው። አልተከፈተም። የኋለኞቹ የፊተኞቹ ላይ ወደቁ። ከዚያ የሰማሁትን ድምፅ እዚህ ላይ ልገልጸው አልችልም። ቆርቆሮው ሲደበደብ፣ ጥፍር ሲቧጭረው፣ የልጆቻቸውን ስም ሲጠሩ። እሳት እንደሌለ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ያን ጊዜ እኔም የማውቀው አልመሰለኝም። እሳት የለም፣ የለም እያልኩ ስሮጥ አንድም የሰማኝ የለም።

የኢንሹራንሱ ሰው ደረጃው ላይ ቆሞ አየ። ሶዳው በእጁ ነበር። ወርዶ ጓጉንቸሩን በእጁ መዘነና ወደ ጋሼ ሙላቱ ዞሮ ይህ ተነስቶ ከውስጥ በእጅ የሚከፈት መወርወሪያ እስኪገባ ድረስ ውል የሚባል ነገር እንደሌለ ነገራቸው። በሳምንቱ ገባ። በሩም ከዚያ ወዲህ አልተቆለፈም፤ ይህን ከሌሎቹ ሰምቻለሁ። እኔ እዚያ አልነበርኩም። ጋሼ ሙላቱ የዚያኑ ዕለት፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ እንደ ልጄ አድርጌ ይዤህ ነበር፣ ከእንግዲህ ግቢዬን እንዳትረግጥ አሉኝ።

ከግቢው ስወጣ ናካቶ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሆስፒታል የሚወስዳት መኪና ትጠብቅ ነበር። የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሯል፤ በፍራሽ ጨርቅ አስረውላታል። የምትሰፋበት እጅ ነው። አጠገቧ ቆምኩ።

«ስትነፋ እንደተቆለፈ ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አውቅ ነበር።»

የታሰረውን እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለኔ ብቻ ብትነግረኝ» አለች፣ «ሮጬ በሩን እደበድብልህ ነበር። ከሁሉም በላይ እጮህልህ ነበር። ያ ሰውዬ ከዛሬው እውነተኛ ጩኸት የበለጠ ያምነኝ ነበር።» ከዚያ መኪናው መጣ፣ በግራ እጇ ተደግፋ ገባች። ደግሜ አላየኋትም። ሁለት ጊዜ ሰፈሯ ድረስ ሄጄ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ የለችም አሉኝ። ቤት ትኑር አትኑር አላውቅም፤ እኔ ግን ውስጥ ሆና የለችም በሉት እንዳለች ነው የገባኝ።

ፋብሪካው አልተቃጠለም። ጋሼ ሙላቱ ከስንት ዓመት በኋላ ሸጠውት አገር ቤት ሲገቡ እንዳለ ነበር። ከመሄዳቸው በፊት ቤተ ክርስቲያን ግቢ አግኝተውኝ ጉንጬን ሳሙኝ፤ ከዚያ እየሳቁ፣ «ታዲያ በፍቄ፣ ተቃጠለ?» አሉኝ። ሰው ከቧቸው ነበር። ሁሉም ሳቀ። እኔም ራሴን ዝቅ አድርጌ እግዜር ይጠብቅዎ አልኩ። አሁን ይህን ስጽፍ ጥርሴን ነክሻለሁ። ያልተቃጠለው እሳት ስላልተነሳ ነው እንጂ እሳቸው ልክ ስለሆኑ አይደለም። ቢነሳም ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ በሩ ክፍት ነበር፤ የከፈቱት ግን እሳቸው አይደሉም። ይህን ፊት ለፊት አልነገርኳቸውም። አሁን በሕይወት የሉም፤ ሙት መውቀስ ነውር ነው ይባላል፣ እኔ ግን እወቅሳለሁ።

ልጄ ከሠርጉ ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ አባዬ ሰው ሁሉ ፊት ያን ያህል መጮህ ምን ይሉታል፣ ቀስ ብለህ ብትነግረው አይሰማህም ነበር ወይ አለችኝ። አልመለስኩላትም። እዚህ ልመልስላት። ቀስ ብሎ የመናገር ዕድል አንድ ጊዜ አግኝቼ ነበር። ለኢንሹራንሱ ሰው መንገር፣ ወይም ናካቶ ጆሮ ላይ ሁለት ቃል መጣል። ያን የሚያህል ጊዜ ነበረኝ፤ ደረጃው አሥራ አራት ነው፣ እያንዳንዱን ወርጄዋለሁ። ያልነገርኳት ስለረሳሁ አልነበረም። ከነገርኳት ማስመሰል ይሆናል፣ ማስመሰል ከሆነ ሰውየው ይነቃብኛል ብዬ አስቤ ነው። ፊታቸው ላይ እውነተኛ ድንጋጤ እንዲያይ ፈለግኩ፤ አየም። እኔ አፌን ላለመክፈት፣ አሥራ ሁለት ሴቶች በሕይወት እንደሚቃጠሉ እንዲያምኑ አደረግኩ። ጋሼ ሙላቱ በሩን ቆለፉት። ወደተቆለፈው በር ያሯሯጥኳቸው ግን እኔ ነኝ፤ በዚህ ላይ ለመናደድ ሌላ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም።